የተቆለፈው ቤት ትርጉም

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓረብ አገር፣ ሺያህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት እንሰበሰብ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ እንደ እኛው በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የወጣች ናት። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅላለች፤ ፀጉር እየተሠራ ፊልም እናያለን። ሲያልቅ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ፤ የፊልሙን ምስጢር እንድነግራቸው።

ይህን ሥራ ለምኜ አላገኘሁትም። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ መማሬን አንዷ አወራችና በዚያው ቀረ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ። የምንከባከባቸው አሮጊት ምሳ በልተው ሲተኙ፣ የፊልሞችን ስውር መልእክት የሚፈቱ ቪዲዮዎችን በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። እዚያ ውሃ ዳግም መወለድ ነው። ጫካ ሰው ያልደረሰበት የገዛ ራሱ ነፍስ ነው። ስለለመደብኝ፣ ራውሼ የባሕር ዳርቻ ላይ አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ባሕሩን ሳይ እንኳ ምን ይወክል ይሆን እል ነበር። እሳቸው ግን ነፋሱ ሲበዛባቸው "ያላ፣ ወደ ቤት" ይሉኛል።

የዚያን እሑድ ፊልም የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ትልቅ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ትኖራለች። ቁልፉ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓመታት ትለምናቸዋለች። በመጨረሻ አሮጊቷ በድንገት ይጠፋሉ፤ ቁልፉ ከልጅቷ ኪስ ይገኛል፤ በሩን ከፍታ ትወጣለች።

ማብራሪያውን ሁለቴ ሰምቼው ስለነበር አልተደናቀፍኩም። ቤቱ ነፍሷ ነው አልኩ። አሮጊቷ ፍርሃቷ ናቸው። ቁልፉ ከመጀመሪያውም እሷው ጋ ነበር።

የሠሪዋ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የወሎዋ ጓደኛችን፣ "እና እኔ ጋም አለ ማለት ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ቁልፉ።"

ሴቶቹ ሳቁ። "አንገትሽን አታዙሪ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል" አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

የወሎዋ ግን አልሳቀችም። የምትሠራው ዳሒዬ የሚባል ሰፈር ነው፤ አሠሪ ማዳሟ ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍባታለች። ሰፈሩ በቦምብ በተደበደበ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ተራራ ሲሸሽ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ቀን ተቆልፎባት ቀርታ ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ስልኳም ሞቶ፣ ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ በሩን እስኪሰብር ድረስ። አዲስ በር ተገጠመ፤ ቆለፋው አልቀረም። የጦር ድሮንም አሁን ድረስ ከጣሪያው በላይ ይዞራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ስተረጉም ትዝ አላለኝም።

"በምሳሌ ነው" አልኳት።

"ገብቶኛል። ወላሂ ገብቶኛል።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፈታችና ከደረቷ ውስጥ አዲስ ቁልፍ አወጣች።

"ማዳሜ ሻወር ልትገባ ስትል ዳቦ ግዢ ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጽ አለ። ኸላስ፣ አስቀረጽኩ።"

ቢያገኙባት ሌባ ነው የሚሏት፤ ለሌባ ደግሞ ፖሊስ ይጠራል። "እኔ በተናገርኩት ነው?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"አብሽሪ" አለች። "አንቺ ስለ ነፍስ ነው ያወራሽው። እኔ ያሰብኩት ስለ በሩ ነው።"

የቸገራት መደበቂያው ነበር። ማዳሟ ሻንጣዋን ትፈትሻለች፤ ፍራሿንም ታገላብጣለች። ፀጉሯን ግን ከሻሽ ውጪ አይታው አታውቅም።

ፀጉር ሠሪዋ ቁልፉን እጇ ላይ አገላብጣ አየችው። "ዶቃ ሰክቼ አውቃለሁ፤ ዊግም ሰፍቼ አውቃለሁ፤ በር ግን ጎንጉኜ አላውቅም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ነይ እስቲ አንቺ ምሁር፣ ያዢልኝ።"

ቁልፉን ከማጅራቷ በላይ ይዤ ቆምኩ። ፀጉሩ ከግራም ከቀኝም እየመጣ በጣቶቼ መካከል ብረቱን ይሸፍነው ጀመር። ማንም ትርጉሙን አልጠየቀኝም።

"ስትተኚ አይጎረብጥሽም?" አለቻት አንዷ ከኋላ።

"በጎኔ እተኛለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ባለው ማክሰኞ፣ አሮጊቷ እንደተኙ፣ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ማዳሟ ወጥታ ስለነበር ጉንጉኑን ፈትታ ሞክራዋለች። "ተከፈተ" ትላለች፤ ድምጿ ደረጃው ላይ ያስተጋባል። "ሁለት ፎቅ ወረድኩ። ከዚያ ሩዝ ጥጄ እንደነበር ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ራሴ ቆልፌ ገባሁ። ለሠሪዋ ንገሪያት፣ እንደገና ትጎነጉንልኛለች።"

ነገርኳት። ለሚቀጥለው እሑዳችን ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ትቼ፣ ዝም ብሎ የሚያስቅ ፊልም ፈለግሁ።