ለአውራ ጣት የታዘዘ በር

ቆሰበር ላይ ባዬን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። ዳመና የሚባል ግራጫ ፈረስ ነበረውና አገሩ ሁሉ «አባ ዳመና» ይለዋል። ፈረሱ ከሞተ በኋላም ስሙ አልከዳውም። የከዱት እጆቹ ናቸው።

የቆሰበር ብርድ አጥንት ይገባል። ቁርጥማቱ መጀመሪያ ትንሿን ጣት ያዘ፤ ከዚያ ጎረቤቷን፤ ውሎ አድሮ የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ወደ መዳፉ ተጣጥፈው ቀሩ። «ፈረሱ ቢሞትም እጁ ልጓሙን አለቅም አለ» እያሉ አሽሟጣጮች ይስቁበት ነበር። ባዬም አብሮ ይስቃል። ዋንጫውን በሁለት መዳፉ መሀል አጣብቆ ይጠጣል፤ በጉን በክንዱ እየገፋ ወደ ጉረኖው ያስገባል። አንድ ነገር ብቻ አቃተው፤ የገዛ በሩን መክፈት።

በሩ የሚዘጋው በጓጉንቸር ነው። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ቀጭን፣ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ታላቅ እህቱ ሽቱ ናት፤ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ሲወጣ ትቆልፍለታለች፣ ሲመለስ ይጠራታል። አጥር ሥር ቆሞ «እታለም! ኧረ እታለም!» የሚለው የሽማግሌ ድምፅ ለሰፈሩ እንደ አውራ ዶሮ ጩኸት የተለመደ ሆኖ ነበር።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ነው። አንድ የሐምሌ ቀን ሽቱ ፊደል ልትቆጥር ቀበሌ ሄደች። ከትምህርቱ ላይ ስብሰባ ተቀጠለበት፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከስብሰባ መሀል ተነሥቶ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ባዬ በዘንገና ሐይቅ በኩል ካለው ማሳው ሲመለስ ዶፍ ዝናብ ያዘው። በሩ ላይ ደርሶ ተጣራ፤ የሚመልስለት አጣ። ጓጉንቸሩን በጥርሱ ነከሰው። በክርኑ መታው። ውስጥ ያዳፈነው እሳት ጭሱ በክዳኑ በኩል ቀስ እያለ ሲወጣ ይታየዋል፤ እሱ ግን ከደጅ ነው። ሽቱ ስትደርስ ደፉ ላይ ተኮራምቶ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ አገኘችው።

ብዙ ታመመ። ሲሻለው እህቱ ቁርጡን ነገረችው።

«እኔ መስቀል ሲያልፍ ዳንግላ፣ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«ቤቴስ?»

«ቤት እኮ የሚከፍቱት ነው፣ ወንድሜ። እኔ ከሄድኩ ማን ይከፍትልሃል?»

«እኔው ነኛ!»

«በምንህ?»

ባዬ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘ። አባቱ የሠራው፣ ሚስቱ የኖረችበት፣ ዳመና ገና ውርንጭላ ሳለ በብርድ ቀን ምድጃ ዳር ያደረበት ቤት ነው። ዳንግላ መሄድ በሰው ጓዳ፣ በእንግዳ መደብ ላይ ሞትን መጠበቅ መሰለው።

ሽቱ ወጥታ ስትሄድ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ኮርቻ አፈጠጠ። ከኮርቻው እርካቡ ተንጠልጥሏል። የድሮ ፈረሰኛ እርካብ ጫማ አያስገባም፤ ለባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የምትበቃ የብረት ቀለበት ናት። ባዬ ዕድሜውን ሙሉ መላ ሰውነቱን ከመሬት ኮርቻ ላይ ያነሣው በዚያች ጣት ነው። ጋቢውን ገልጦ እግሩን አየ። አውራ ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ። ታዘዘችው።

በበትር እየተደገፈ ቀርከሃ ሠሪው ወዳጁ አየነው ዘንድ ሄደ።

«በእግር የሚከፈት በር ትሠራልኛለህ?»

«ምነው፣ በሩን ልትጋልበው ነው?»

«አዎ።»

አየነው ሳቁን አቆመ። ከበሩ በስተውስጥ፣ በሩ ሲገጠም በራሱ ክብደት ወድቆ የሚያዝ መቀርቀሪያ አበጀ። ከመቀርቀሪያው ጠፍር አስሮ በአግዳሚው ላይ አሳለፈና ጫፉን በግድግዳው ወደ ውጭ አወጣው፤ ጫፉ ላይ እርካቡን አንጠለጠለ። እርካቡን ወደ ታች ሲረግጡት መቀርቀሪያው ይነሣል። ባዬ ረገጠ፤ ተከፈተ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ጨፈሩ።

ደስታቸው ግን አላደረም። ባዬ በማግስቱ ከውጭ ሲመለስ የጎረቤት ጥጃ ምድጃው አጠገብ ቆማ ጋቢውን ስታኝክ አገኛት። የጠፍሩ ጨው ጥሟት ስትስብ በሩን ከፍታለች።

ሽቱ እስክታነባ ሳቀች። «ወይ ጉድ! ጥጃ የሚከፍተው በር!» ከዚያ ፊቷ ከበደ። «ሌላ ሰው የማይከፍተው፣ አንተ ብቻ የምትከፍተው አድርገህ ካሳየኸኝ እተውሃለሁ። አለዚያ ጓዝህን ሸክፍ።»

ባዬና አየነው እንደገና ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ እርካቡን ከመቃኑ ሥር፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ባዶ እግር ብቻ በሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ደበቁት። ሌላም ነገር አደረጉ፤ እሱን ግን ለማንም አልተናገሩም።

የመስቀል ማግስት ሽቱ ሸጋው የሚባለውን የቀበሌ ጥበቃ ይዛ መጣች። ሸጋው ጎረምሳ ነው፣ ጉልበቱም የታወቀ ነው።

«አባ ዳመና፣ ብሰብረው አይቀየሙኝም?»

«ከቻልክ ስበረው፣ ልጄ።»

ሸጋው በትከሻው ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ያያል። እግሩን ወደ ቀዳዳው ላከ፤ ቦቲው አልገባም። «ቦቲህን አውልቀው!» ብለው ጮኹበት። አወለቀ። እርካቡን በጣቱ አገኘው፤ በሩን በሁለት እጁ እየገፋ ረገጠ። መቀርቀሪያው ንቅንቅ አላለም። ሽቱም ነጠላዋን አሸርጣ ሞከረች፤ እሷም እየገፋች ረገጠች። አልሆነላትም።

ባዬ ቀረበ። እጆቹን ከጋቢው ሥር አደረገ። አውራ ጣቱን ወደ ቀዳዳው ሰደደና፣ በሩን ሳይነካው፣ ክብደቱን በእርካቡ ላይ አሳረፈ። ከውስጥ «ቀጭ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው በትከሻው ነካ ያደረገው።

«እንዴት? እንዴት ሆነ?» አለ ሸጋው።

«መያዣውን ጠርበነዋል፤ በሩን ከገፋኸው መቀርቀሪያውን ነክሶ ይይዛል። አንተ ፈረስ ላይ ስትወጣ ፈረሱን ትገፋዋለህ? ከገፋኸውማ ይሸሽሃል እንጂ!»

ይህን ብሎ ገባና በሩን በክንዱ መለሰው። መቀርቀሪያው ወደቀ። ሰፈሩ በሳቅና በእልልታ ሲደባለቅ የመጨረሻው የክረምት ካፊያ ጀመረ። ሽቱ ደፉ ላይ ቀረች።

«ባዬ! ክፈትልኝ እንጂ፣ ዘነበብኝ!»

«ማን ልበል?»

«አንተ ልጅ! እታለም ናት በላ!»

በክርኑ መቀርቀሪያውን አነሣላት። ስትገባ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከዝናቡ ነው አለች። ጓጉንቸሩን ትታለት፣ ቁልፉን ግን ከአንገቷ ሳታወርድ ዳንግላ ገባች። እስክትሞት ድረስ አንገቷ ላይ ነበር ይባላል።

ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ደረሰ። ባዬ የተዋሰውን ፈረስ ከደጁ አሰረ፤ ልጓሙን ክንዱ ላይ ጠምጥመውለት ሊጋልብ ነው። ሰው «አባ ዳመና! ና እንጂ!» እያለ ከመንገድ ይጣራል። ወጣ። በሩን በተረከዙ ስቦ መለሰው። መቀርቀሪያው ከኋላው ሲወድቅ ሰማ፤ ዞሮ ግን አላየውም።