በድራማው ውስጥ ያፈረ በሽተኛ አላየሁም

የያዙኝ ከመሥሪያ ቤት በር ላይ ነው። ምሳ በልቼ ስመለስ ሁለት ሰዎች ጠብቀው «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ስልኬ ላይ ያጋራሁትን ጽሑፍ አሳዩኝ፤ የእኔ መሆኑን አልካድኩም። ቶሎ የምመለስ መስሎኝ ወንበሬ ላይ የተውኩትን ሹራብ እንኳን አላመጣሁም። የለበስኩት ግራጫ ጉርድ ቀሚስና ስስ ሸሚዝ ነበር። የሮቤን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ሴቶቹን ያስቀመጡን ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ከሲናና የሚመጣ ስንዴ ይከማችበት ነበር አሉ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የከረመ ስንዴ፣ የአይጥ መርዝ፣ የብዙ ሴቶች ትንፋሽ። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ተሰክቶ ቀርቷል። ከጣሪያው ሥር ብርድ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉ። በአንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሽቦ የተመታበት ትንሽ መስኮት አለ፤ የሚያሳየው የጠባቂዋን ፖሊስ ክፍል ነው። እሷ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር።

ጊዜው ኮሮና የገባበት ነው። ጠያቂ ተከልክሏል። ቤተሰብ ስንቁን በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ልብስ ግን «በሽታው በጨርቅ ይመጣል» ተብሎ አይገባም። ሁላችንም በተያዝንበት ልብስ ነበርን።

ቀኑን የምንገፋው ምሽቱን እየጠበቅን ነው። መሸት ሲል በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ ይጀምራል። ታሪኩ የሆስፒታል ነው፤ እዚያም ወረርሽኝ ገብቷል። ሐኪሞቹ ነጭ ልብስ ለብሰው በሚያብለጨልጭ ኮሪደር ይሮጣሉ። የአንዱ ሐኪም ሚስት ታማለች። ነጭ አንሶላ ላይ ተኝታ፣ ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኖ፣ ባሏ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል። ጠባቂዋ ሆዷ የራራ ልጅ ነበረች። ቴሌቪዥኑን ወደ እኛ ታዞርና «ይታያችኋል?» ብላ ትጠይቃለች። እሷም ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅሳለን። ከሁሉ ይልቅ የምታለቅሰው ሕፃን ይዛ የታሰረች አንዲት ወጣት እናት ነበረች።

የማያለቅሱት አንድ ሴትዮ ብቻ ነበሩ። ከጎሮ የመጡ ናቸው፤ በገበያ ቀን ቅቤ ይሸጣሉ። ፖሊስ የሚፈልገው ወንድ ልጃቸውን ነው። እሱ ስለተሰወረ እሳቸውን ወሰዱ። «እሱ እስኪመጣ እኔን አስቀመጡኝ» ይሉ ነበር፣ የጎረቤት ሱቅ እንደሚጠብቅ ሰው። ሁላችንም «አዮ» እንላቸዋለን፤ እዚያ አገር እናት እንዲህ ነው የምትጠራው። ድራማው ሲጀምር ሙስበሃቸውን፣ የሶላት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ዘወር ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ምሽት ግን ቀና ብለው አዩና፣

«ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ እንደተኛች ነው። ሽንቷን የት ነው የምትሸናው?» አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። ጠባቂዋም ሳቀች። እኔም ስቄ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እኔ ታመምኩ። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት፣ ከዚያ ደረቅ ሳል። ጠዋት ላይ ሳሌ አልቆም ሲል ሴቶቹ ምንጣፋቸውን አንድ በአንድ አነሱ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። መጀመሪያ የተነሳችው ያቺ ሕፃን የያዘችው ናት። አልፈርድባትም፤ ልጇን ታጠባ ነበር። ጠባቂዋም የፊት ጭንብል ከበሩ ላይ ወረወረችልኝና በሩን ዘጋችው።

ከሰዓት የጤና ባለሙያ መጣ። የለበሰው የዝናብ ልብስ ነው፤ እጅጌውን በላስቲክ አስሮታል። ከደፍ አላለፈም።

«ሽታ ይሸትሻል?» አለኝ።

ከወዲያኛው ግድግዳ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰውየውም የጠየቀውን ነገር ከክፍሉ ጋር ሲያስተያየው መሰለኝ ዓይኑን ሰበረ።

«ናሙና መውሰጃ የለንም» አላት ለጠባቂዋ። «እስኪመጣ ለይታችሁ አስቀምጧት።»

«የት ነው የምለያት?»

ክፍሉን አየው። ዞሮ ሄደ። እኔን ወደ ጥጉ፣ ወደ ባልዲው አጠገብ አዛወሩኝ። የተለየሁት በዚህ ነው።

በማግስቱ ሆዴ ተፈታ። ልነሳ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ባልዲው ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ነበር፤ አልደረስኩም። የሆነው ሲሆን ማንም እንዳያውቅብኝ ዝም ብዬ ተኛሁ። ቀሚሴን ወደ ታች ጎትቼ ሞት እንኳን ቢመጣ ማንም ሳይነካኝ ይምጣ ብዬ ለመንኩ። ግን ሽታ አይደበቅም። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ በጭላንጭል አየሁ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው «እርስዎ» የሚለኝ ሴት ነኝ። ያን ሰዓት ግን የምፈራው በሽታውን አልነበረም።

አዮ ተነስተው መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው የደረብኩትን የጣቢያውን ብርድ ልብስ ያዙ። እኔም በሌላኛው ጫፍ ያዝኩት።

«ይተዉኝ አዮ። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይተዉኝ።»

«ልቀቂ፣ ኢንታላ ኮ። ልጄ፣ ልቀቂ።»

«ልብስዎ ይነካል። ሶላትዎ...»

«የሶላቴ ሰዓት ገና ነው።»

ለቀቅኩ። ለዉዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ያስቀመጡት ውሃ ነበር፤ ከጄሪካኑ ከሚደርሳቸው ድርሻ ቀንሰው በላስቲክ ጠርሙስ የሚያኖሩት። በእሱ አጠቡኝ። የሻርፓቸውን ጫፍ ቀደው እንደ ጨርቅ ተጠቀሙበት። እናቴ በሕፃንነቴ ካደረገችው በቀር ማንም ያላደረገልኝን፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት፣ ሰው ሁሉ እያየ አደረጉልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዓይን መጨፈን ግን የሌላውን ሰው ዓይን አይዘጋም።

የቀሚሳቸው ዘርፍ ተነክቶ ነበር። ለሶላት ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሌላ ልብስ ደግሞ የላቸውም። የተረፈችውን ውሃ በዘርፉ ላይ አፍስሰው አሹት፣ ጨመቁት። ለዉዱእ ምንም አልቀረም። ስለዚህ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው በአቧራው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ውሃ ላጣ ሰው ይፈቀዳል። ከዚያ በእርጥብ ቀሚስ ቆመው ሰገዱ። ከጥጌ ሆኜ አየኋቸው። ሲያጎነብሱ ቀሚሱ እግራቸው ላይ ይለጠፋል። ሲቆሙ ይንቀጠቀጣሉ። ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

ይህ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምናልባት ይቀለኝ ነበር። በተከታታይ ቀናት ተደጋገመ። በየጊዜው ይተዉኝ እላለሁ፣ በየጊዜው ልቀቂ ይሉኛል፣ በየጊዜው በእርጥብ ቀሚስ ይሰግዳሉ። ምሽት ላይ ድራማው ይጀምራል። የሐኪሙ ሚስት አንሶላ እንደነጣ ነው። ሴቶቹ ያለቅሱላታል። እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ትኩሳቱ ረገብ ያለ ዕለት ጠባቂዋ በሩን ከፍታ ከሩቅ «አውጧትና ቦኖው ጋ ትታጠብ» አለች። ፀሐይ ወጥቷል። ቦኖው ግን ግቢው መሀል ነው፤ ከአጥሩ ሽቦ ማዶ የታሰሩት ወንዶች ፀሐይ ይሞቃሉ። አዮ ክንዴን ደግፈው አወጡኝና ወንዶቹን አዩ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ በር ዞረው «ኑ» አሉ።

መጀመሪያ ማንም አልወጣም። ከዚያ ያቺ ወጣት እናት ሕፃኑን ለአንዷ ሰጥታ ወጣች። ነጠላዋን ዘረጋች። ሌሎቹም እየተከተሉ ነጠላና ሻርፕ እየዘረጉ ከበቡኝ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ አንዲትም ወደ ኋላ አላየችም። ጠባቂዋም ዞረች።

አዮ አጠቡኝ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር በእርጥብ ጣታቸው አገጬን ገፉት።

«ቀና በይ። ፊትሽን ልጠብልሽ።»

ቀና አልኩ። ሲጨርሱ የሚያፈሱበትን ጣሳ ከእጃቸው ወሰድኩ። ልቀዳ ስል ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስኩት።

«እኔ ላስታጥብዎ» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰስኩላቸው፤ እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ በመጨረሻ እግራቸውን ለዉዱእ ታጠቡ። እግራቸው ሲደርስ መጎንበስ ነበረብኝ፤ ጎነበስኩ። ከታመምኩ ወዲህ ሰው መሆኔ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ከእሳቸው በፊት ተፈታሁ። ክስ አልነበረም፤ «ሂጂ» ብቻ ተባልኩ። እሳቸው ልጃቸው እጁን እስኪሰጥ ቆይተው ወጡ። እሱም ታስሮ ኋላ እንደተፈታ ሰማሁ። ልሄድላቸው እያሰብኩ ዓመታት አለፉ። እግሬን የያዘው እፍረት ነው። ስለ ምርመራው፣ ስለ ረሃቡ፣ ስለ ብርዱ ለጠየቀኝ ሁሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ተናግሬአለሁ። ስለዚያ ጥግ ግን ለባሌም አልነገርኩትም ነበር።

ባለፈው በጋ ጎሮ ሄድኩ። አዮ አርጅተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፣ ለምራታቸው «እስር ቤት አብራኝ የነበረች ልጄ ናት» አሏት። ልጃቸውም ነበር፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ዝምተኛ ሰው። ምሳ እየበላን ምራትየዋ ቴሌቪዥን ከፈተች። እንደ ድሮው ያለ የሆስፒታል ድራማ ነው፤ ያው ወረርሽኝ፣ ያው መስታወት፣ ያው ንጹሕ አንሶላ።

«እናንተም ኮሮና ገብቶባችሁ ነበር አሉ» አለችኝ። «እንዲህ ነበር?»

አዮ ቀደሙኝ። «እኛ ጋ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ነበር» አሉና ሳቁ። ወደ እኔ እንጀራ ገፉልኝ። «ብዪ።»

ሊሸፍኑልኝ ነው። ገባኝ፤ ደስም አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። ስክሪኑን አየሁ። በዚያ ድራማ ሰው ይፈራል፣ ይሞታል፣ ይፋቀራል። ያፈረ በሽተኛ ግን አንድም አላየሁም። ድራማ ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ እኔስ ብሆን ያንን ጥግ ማን እንዲያይ እፈልጋለሁ?

«እንዲህ አልነበረም» አልኩ። «ታምሜ ቆሸሽኩ። መነሳት አቅቶኝ ነበር። አዮ ናቸው ያጠቡኝ። ለሶላት ባስቀመጡት ውሃ አጥበውኝ እሳቸው በእርጥብ ቀሚስ ይሰግዱ ነበር።»

አዮ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ምን አስለፈለፈሽ አሁን» አሉ በጎርናና ድምፅ። እንደዚያ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም።

ልጃቸው የያዘውን ጉርሻ መለሰው። ተነሳና ወደ ጓሮ ወጣ። በእሱ ፈንታ ስለታሰሩት እናቱ ይህን ያህል ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ አየሁት። እስከዚያች ቅጽበት እፍረቱ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ላለፉት ዓመታት እሳቸው የሸፈኑት እኔን ብቻ ሳይሆን እሱንም ነበር፤ እኔ ገለጥኩት።

ወደ መኪና መናኸሪያው የሸኘኝ እሱ ነው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ጋ መጣ።

«ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር?» አለኝ።

አይደለም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማለዘብ ቀላል ነው።

«አዎ» አልኩት። «በጣም።»

ራሱን ነቀነቀና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። መኪናው ወደ ሮቤ ዞረ። መናገሬ ደግ ይሁን ክፉ ዛሬም አላውቅም። በሳምንቱ አዮ ደውለው «ልጁ ሲያስቸግረኝ ነው የሚውለው፣ ምንም ሥራ አላስነካ አለኝ» ብለው ተቆጡኝ። ስልኩን ዘግቼ ባሌን ጠራሁትና አጠገቤ እንዲቀመጥ ነገርኩት።