ወገቤና አማቴ

እስቴ አገር ባል ቤት በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከወንዝ እንስራ አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ወገቤ ላይ አንድ ነገር የተሰነጠቀ መሰለኝ። እንደምንም ቤት ደረስኩ። አማቴ መጀመሪያ ያዩት እንስራውን ነበር። አልተሰበረም።

ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ማለት አቃተኝ። ባሌ ክፉ አልነበረም፤ እናቱ የወሰኑትን የሚሰማ ሰው ነበር። እናቱም ወሰኑ።

“እስከ ገብስ አጨዳ ውኃ ካልቀዳች ወዳባቷ ትመለስ። መውለዱን አልወለደች፤ አሁን ደግሞ መሸከም ተወች። እኔ ምራት አመጣሁ እንጂ ታቦት አላስገባሁም!”

አባቴ ቤት የእንጀራ እናት ነበረች። መመለስ ማለት ለእሷ ገረድ መሆን ነው።

በአገራችን መንታ የወለደች ሴት የታመመ ወገብ ብትረግጥ ይሽራል ይባላል። በመንደራችን እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ነበረች። መንታዎቿ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሱ ሞተዋል፤ ቢሆንም እግሯ ሥራ አልፈታም። አማቴ አስጠሯትና እኔን በሆዴ አስተኙኝ።

“ጠበቅ አድርገሽ ርገጫት፤ ስንፍናው ከታች ነው ያለው።”

ሴትዮዋ ወጣችብኝ። ጮህኩ።

“ምነው እቴ! እኔ ሁለት ቀብሬ እንዲህ አልጮህኩም” አለችኝ፣ ከጀርባዬ ሳትወርድ።

አማቴ ሳቁ። በማግስቱ ሕመሙ እስከ ቀኝ ባቴ ወረደ።

ባሌ ለገበያ ሲወጣ በበቅሎ ጭኖ መካነ ኢየሱስ ክሊኒክ አደረሰኝ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር በጦር ሠራዊት ቁስለኛ ሲያክም የኖረ ጎልማሳ ነበር። እግሬን አንድ በአንድ እያነሳ አየና ማን እንደረገጠኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“በቅሎዋ ብትረግጥሽ ይሻል ነበር። እሷ አንዴ ረግጣ ትሄዳለች።”

ከዚያ አስረዳኝ። አጥንቴ ደህና ነው፤ የደከመው ወገቤን የሚይዘው ሥጋ ነው። “ዋናው ነገር እንዳትተኚ። ተኝቶ የከረመ ወገብ ሳይጠመድ እንደከረመ በሬ ነው፤ ቀንበር ሲነካው ይወድቃል።” በጀርባዬ ጋደም ብዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዳሌዬን ከፍ አድርጌ በስመ አብን ብዬ እስክጨርስ እንድይዝ፣ ይህንኑ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ እንድሠራ አሳየኝ። እንድራመድ፣ ዕቃ ሳነሳ ከወገቤ ሳይሆን ከጉልበቴ እንድታጠፍ፣ እንስራውንም ለጊዜው እስከ ግማሹ ብቻ እንድሞላ አዘዘኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወለሉ ላይ ስሠራ አማቴ ደረሱብኝ።

“ይህች ሴት ምን ልትወልድ ነው? ባዶ ሆድም ያምጣል እንዴ?”

ከዚያ ወዲያ ደጃፉ ላይ ቆመው “ምጧ ደርሷል፣ ኑ እዩ!” እያሉ ጎረቤት መጥራት ልማዳቸው ሆነ። ሴቶቹ መጥተው ይስቃሉ። ያችም የረገጠችኝ ሴት ትመጣለች፤ እሷ ግን አትስቅም። እኔ አሥሩን ሳልጨርስ አልነሳም ነበር።

ሕመሙ ከባቴ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ዳሌዬ ሸሸ። ገብሱ ሳይታጨድ ዳገቱን ያለ ማረፊያ ወጣሁ። ያዘልኩት ግማሽ እንስራ ነበር። አማቴ አጎንብሰው ወደ ውስጡ አዩ።

“ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ ሚስት” አሉና መለሱኝ።

አባቴ ደጅ አንድ ክረምት ገረድ ሆንኩ። ከዚያ ንፋስ መውጫ ያለችው አክስቴ ወሰደችኝና ከሕፃናት ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ዘግይቼ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ መካነ ኢየሱስ ተመደብኩ።

አንድ የገበያ ቀን አማቴ በዱላ እየተደገፉ፣ ለሁለት ታጥፈው ቤቴ መጡ። ድሬሰሩን ሲፈልጉ ተዛውሮ ከሄደ ቆይቷል ብለዋቸዋል።

“ልጄ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ረጋጯም ሞታለች። ያ ጠዋት ጠዋት የምትሠሪው ነገር… እንዴት ነበር?”

ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ራሱ፣ እዚያው የቆሙበት ወለል ላይ፣ አሥሩን ጨርሼ ነበር የተነሳሁት።

“ረሳሁት፣ እሜቴ” አልኳቸው። “ለወገብ መድኃኒቱ መተኛት ነው። ዝም ብለው ይተኙ፤ ከመደብዎ እንዳይነሱ።”

እጄን ይዘው መረቁኝ። ምክሬንም ሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ገበያ ወጥተው አላየኋቸውም።