ሳሎን የተቀመጡት አራት ጎማዎች

ሻርጃ ውስጥ አራት የመኪና ጎማ የገዛች የቤት ሠራተኛ ከእኔ ሌላ ካለች አላውቅም። ሌላው ወርቅ ይገዛል፣ ብርድ ልብስ ይገዛል፣ ለእህቱ ሽቶ ይገዛል። እኔ ግን ዕረፍቴን በሙሉ ከጎማ ሻጭ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። አፌ ስለት ነው። ድሮም እማዬ «አንቺን ያገባ ሰው ጆሮ አይተርፈውም» ትለኝ ነበር። ያን ቀን በአፌ ኮርቼ ነበር። በሕይወቴ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁትም በዚሁ አፌ ነው፤ ላወራ የተነሳሁት እሱን ነው።

ቤታችን ሮቤ ነው። አባባ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው። ከሮቤ ድንችና ጥቅል ጎመን ይጭናሉ፣ በጎባ አድርገው ሳነቴን ይወጣሉ፣ ከዚያ በሐረና ጫካ ቁልቁል ወርደው ደሎ መና ገበያ ያራግፋሉ። ሲመለሱ ማርና ቡና ይዘው ይመጣሉ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ላይ ሳነቴ ጉምና ውርጭ ነው፣ አፍንጫ ይቆርጣል። ታች ሐረና ጭቃ ነው፣ መታጠፊያው አያልቅም። በዚያ መንገድ እማዬ ሁልጊዜ አብራቸው ትሄድ ነበር። «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ስላት «አጠገቡ ተቀምጬ ካላወራሁለት ያንቀላፋል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አባባ መሪ ይዘው ያንቀላፋሉ። እማዬ ደግሞ ወሬ አያልቅባትም።

አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይህን እንደነገርኩሽ አባትሽ እንዳይሰማ። ትናንት መኪናዋ አንሸራተተችን» አለች። ሐረና ቁልቁለት ላይ አባባ ፍሬን ቢይዙ መኪናዋ አልሰማ ብላ ሄዳ ሄዳ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ክንድ የማይሞላ ሲቀራት ቆመች። ጎማዎቹ አልቀው ሊሾ ሆነዋል፣ ጥርስ የሚባል አልቀረላቸውም። «ታዲያ ለምን አይቀይሩም?» አልኳት እየጮህኩ። «በየት በኩል? ደህናው ዋጋው አይቀመስም፣ ርካሹን ደግሞ የሐረና ድንጋይ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ያቺው መኪና፣ እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ያንኑ ቁልቁለት ልትወርድ ነው።

የአባባ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በእማዬ ስልክ አስነሥቼ በኢሞ አስላክሁ። ሦስት ጊዜ ጭቃውን፣ በአራተኛው ቁጥሩን ላኩልኝ። አርብ ከሰዓት እመቤቴን አስፈቅጄ ወጣሁ።

ሻጩ ሽበታም ፓኪስታናዊ ነው። ዐረብኛው ከእኔ አይሻልም፣ ስለዚህ ተግባባን። መጀመሪያ የሚያብለጨልጩ አራት ጎማዎች አወጣልኝ፣ ዋጋቸውም ረከሰብኝ። ርካሽ ነገር ሲሰጡኝ ድሮም አልወድም። «ለምን ረከሱ?» ብዬ ያዝኩት። ሊሸሽ ሞከረ፣ አልለቀው አልኩ፣ በመጨረሻ ሳቀና ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በጣቱ አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። «ጎማ ባይነዳም ያረጃል፣ ቁጭ ብሎም ይደርቃል» አለኝ። እኔም ሌላውን ሁሉ ትቼ በዚያው ዓመት የተሠሩትን አስመረጥኩት። ለራሴ ልገዛ ያሰብኩት የእጅ አምባር በዚያው ቀረ። አልቆጨኝም ነበር፣ እውነቴን ነው።

የሮቤ ሰው የሆነ ነጋዴ ኮንቴይነር ሊያስጭን ስለነበር ቦታ ለምኜዋለሁ። መጋዘኑ ከጎማ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ታክሲው ሁሉ ጎማውን እያየ ሸሸኝ። ምን ላድርግ? አባያዬን ሰብስቤ ያዝኩና በዚያ ሙቀት አንድ በአንድ እያንከባለልኩ ወሰድኳቸው። አራት ጊዜ ሄጄ አራት ጊዜ ተመለስኩ። ጥላ ሥር የተቀመጡ ወንዶች እያዩኝ ይስቁ ነበር። ይሳቁ! እኔ እማዬን ከገደል እየጎተትኩ ነበር የመሰለኝ።

እዚህ ላይ ደብቄው ባልፍ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ከጎማዎቹ በፊት ሌላም ነገር ልኬ ነበር። ለጭነቱ መሸፈኛ ወፍራም ሸራ ላክሁ፣ በወሩ ተቀደደ። ለአባባ ወፍራም ካፖርት ላክሁ፣ ሳነቴ ላይ ብርድ ሲያንዘፈዝፈው ላገኙት መንገደኛ አውልቀው ሰጡት። ይህንን ሁሉ ስሰማ እሳት ለበስኩ። በዚያ ላይ የዚያን ዕለት እመቤቴ በማላውቀው ነገር ስትሰድበኝ ነበር የዋለችው። ለእሷ ያልመለስኩትን ሁሉ ለወላጆቼ መለስኩላቸው። ጎማዎቹ ሊደርሱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ወደ እማዬ ስልክ አራት ደቂቃ ሙሉ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ።

«እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ የምገዛውን እናንተ በወሩ ታወድሙታላችሁ!» አልኩ። «እነዚህንም ጎማዎች እንደ ሸራው ጨርሳችሁ ሌላ ላኪ ብትሉኝ፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ አለችን እንዳትሉ!» ሌላም ሌላም አልኩ። ምላሴን የሚይዝልኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። በማግስቱ ቁጣዬ በርዶ ነበር፤ ይቅርታ ማለት ግን ከበደኝ፣ እነሱም አላነሱብኝም። የተረሳ መሰለኝ።

ጎማዎቹ ሮቤ የደረሱ ቀን እማዬ ደውላ እልል አለችልኝ። አባባ ስልኩን ተቀብለው መረቁኝ፣ «ጎማ አይደሉም፣ ጌጥ ናቸው» አሉ። «በሉ ዛሬውኑ ያሳስሯቸው» አልኳቸው። «እሺ፣ ጎሚስታው ጋ እወስዳቸዋለሁ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ስጠይቅ እማዬ «ኧረ ተይው፣ ሁሉም ደህና ነው» ብላ ወሬውን ወደ ደሎ መና ማር ወሰደችብኝ። እኔም ደህና ነው ስትለኝ ታስረዋል ብዬ ተኛሁ። በእኛ ሰፈር ከውጭ የመጣ ነገር ወዲያው አይነካም። ሶፋው ከነላስቲኩ ይቀመጥበታል፣ ብርጭቆው ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ እንግዳ ይጠብቃል። ይህንን እያወቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ግን ጎማ ደግሞ ይቀመጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ሁለት የሀገሬ ልጆች ሳይደውሉ እመቤቴ ቤት መጡ። አንደኛዋ ነጠላ ለብሳ ነበር። በሻርጃ ሙቀት ነጠላ! ገና በሩን ስከፍት ገባኝ። «አባባ?» አልኩ፣ መሪ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ። «እናትሽ ናት» አሉኝ። ሐረና ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ፣ መኪናዋ አንሸራትታ በእማዬ በኩል ከዛፍ ጋር ተላትማለች። አባባ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተርፈዋል።

ሮቤ ስደርስ ተቀብራለች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። በኦሮምኛ «ጀባዱ፣ ጀባዱ» ይሉኛል፣ በርቺ ማለታቸው ነው። በድንኳኑ ጥግ ፒክአፗ ቆማለች፣ የእማዬ በር ወደ ውስጥ ገብቷል። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ጎማው ሄደ። ሊሾ ነው። በእጄ ዳበስኩት፣ ሊሾ ነው። አራቱንም ዞሬ ዳበስኩ። ሰው ከሐዘን ብዛት ያበድኩ መስሎት ደግፎ ወደ ቤት አስገባኝ።

ሳሎን ገባሁ። ቡፌው አጠገብ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበው፣ እማዬ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል። ዳንቴሉ ላይ የእኔ ፎቶ በፍሬም ቆሟል። ገልጬ አየሁ። ሻጩ የለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሣም፣ አቧራ የለባቸውም፣ በጨርቅ ሲወለወሉ ኖረዋል።

አባባ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ያዩኛል። «እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው። «አባባ፣ ምነው ሳያሳስሯቸው?»

«አስቀምጫቸው ነው» አሉ።

«ለመቼ? ለማን?»

«ያንቺ ናቸው ብዬ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ለቀስተኛ በተሰበሰበበት እናቴን ገደሏት አልኩ። ጎማ ቁጭ ብሎም ይደርቃል፣ ይህንን እንኳ አያውቁም፣ ስንት ዓመት ሾፌር ነኝ ይላሉ አልኩ። ሽማግሌዎች «ተይ ልጄ፣ ነውር ነው» ቢሉኝ አልሰማሁም። እስከ አርባዋ ድረስ ያው ነበርኩ። ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ግን ዓይናቸውን አላይም። ውሃ ሲጠይቁኝ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። አጎንብሰው ለማንሣት ዳሌያቸው እንደማይፈቅድላቸው እያወቅኩ ነው እንዲህ የማደርገው።

የአርባዋ ማግስት፣ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ የእማዬ የልብ ጓደኛ የነበሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ዕቃ ሊያጥቡልን መጡ። ጓሮ ከእኔ ጋር ድስት እየፈተጉ ቆዩና ድንገት ተዉት። «ወላሂ፣ እንግዲህ አልችልም» አሉኝ። «አባትሽን እንዲህ ስታደርጊው ዝም ብዬ ባይ አላህም አይወደው። እሱ እኮ ሊያስራቸው አውጥቶ ነበር። ይኸው እዚህ ግቢ፣ ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አንሥቷት ነበር። እናትሽ ናት የከለከለችው።»

«እማዬ?» አልኩ።

«እናትሽ። ጎማው ላይ ቁጭ አለችበት። ‹ይሄ መንገድ በወር ይበላቸዋል፣ ከዚያ ልጄ ልጅ የለንም በሉ ትለናለች፣ መጥታ በዓይኗ አይታቸው ራሷ እሰሩ ትበል› አለች። እኔም እዚሁ ነበርኩ። ያንን ድምፅሽን ስንት ጊዜ አሰማችኝ መሰለሽ? ‹አይ ልጄ፣ እንዴት ቢደክማት ነው!› እያለች ታለቅስ ነበር። አንድም ቀን አንቺን አልተቀየመችሽም።»

ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ። የእማዬን ስልክ ፈልጌ አወጣሁ። ያ አራት ደቂቃ አለ። ሌላ የላክሁት ሁሉ ጠፍቶ እሱ አለ። ለመክፈት አልደፈርኩም።

ወደ ሳሎን ገብቼ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። የማወራው ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የጓሮው በር ክፍት ነበር፣ ሰምተዋል።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉ። «መሪው በእኔ እጅ ነበር፣ እሷን አልፌ ማሰር እችል ነበር። ደግሞ አንቺ ነገ ሰው አገር ትሄጃለሽ፣ ብቻሽን ነሽ። ይህንን ይዘሽ ከምትሄጂ እኔን ተቀይመሽ ብትሄጂ ይሻላል ብዬ ነው።» ቀና ለማለት ሞከሩ፣ አልቻሉም። «ለምደሽው ነበር እኮ፣ እኔን መቆጣት» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ተደፋሁ። ይቅርታ ማለት የፈለግኩት እሳቸውን ይሁን እሷን እኔም አላውቅም። «በይ ተነሺ፣ ወለሉ ይበርድሻል» አሉኝ።

አሁን ሻርጃ ነኝ። ፒክአፗ ለብረቷ ተሸጠች። ጎማዎቹን ጎሚስታው ደህና ብር ልስጥ ብሎ ቢለምን አባባ እምቢ አሉት። በክራንች ቆመው ዳንቴሉን ራሳቸው አጥበው እንደሚያለብሷቸው ጎረቤታችን ነገሩኝ። ባለፈው ስደውል «ጎማዎቹን እኮ ይሽጧቸው አባባ፣ ይደርቃሉ» አልኳቸው። «እናትሽ ‹ልጄ ራሷ እሰሩ እስክትል› ብላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው፣ አንቺ ነሽ የምታዢው» አሉኝ። ማዘዝ አቃተኝ። «እሺ፣ ይቀመጡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።