«እግዜር ይስጥሽ» የተባለችው ሴት

አገርነሽ በሶዶ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች። አባቷ ከሸዋ መጥተው የቀሩ ወታደር፣ እናቷ የወላይታ በዴሳ ሰው ናቸው። ቁጡ ናት፤ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ከእሷ አጠገብ መቀመጥ አይወድም።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግን ቁጣዋ ከሰው አልፎ እግዚአብሔር ዘንድ ደረሰ። የበልግ ዝናብ ቀረ። ከሶዶ በታች ባለው ቆላ፣ በሁምቦ፣ በቆሎው ገና በቡቃያው ነደደ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰው እግሩ እያበጠ ወደ ሶዶ ይወጣ ጀመር። አገርነሽ ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አልተወችም። ደጁ ላይ ቆማ የምትለው ግን «የት ነህ?» ብቻ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእሷ ነበር። ጾም ስለሆነ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ ምስር ሠራች፣ ጠላ ጠመቀች። ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ተቀመጡ። በማኅበሩ ደንብ «ሙሴ» ተብሎ የሚጠራው መሪ፣ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነው አቶ ወልደመስቀል፣ በሩ አጠገብ ነበር።

የማኅበሩ የነፍስ አባት አባ ገብረማርያም ዳቦውን ሊባርኩ ሲነሡ ከደጅ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ በወላይትኛ ትለምናለች።

«እግዜር ይስጥሽ፤ ሂጂ» አላት ወልደመስቀል፣ በሩን ገፍቶ እየዘጋ።

«ማን ናት?» አለች አገርነሽ ከጓዳ።

«ከቆላ የመጣች ናት። ለአንዷ ከሰጠን ሰፈሩ በሙሉ ይሞላል።»

«ተርባ ይሆናላ!»

«ረሃብ አይባልም፤ የምግብ እጥረት ነው። ስብሰባ ላይ ተነግሮናል።»

አገርነሽ ማማሰያውን ጥላ ወጣች። ሴትየዋ አጥሩን ተደግፋ፣ ሕፃን አቅፋ ቆማለች። ፊቷ አጥንት ብቻ ቢሆንም አወቀቻት። ለዓመታት ከሁምቦ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስታመጣላት የኖረችው አዛለች ናት።

«አዛለች! ከብቶችሽስ?»

«አለቁ።»

«ትልቁ ልጅሽስ?»

አዛለች እጇን ወደ መሬት ዘረጋች።

አገርነሽ ክንዷን ይዛ አስገባቻትና ከአባ ገብረማርያም ጎን አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ወልደመስቀል ዞረች። ሁልጊዜ እርስዎ የምትለውን ሰውዬ አንተ አለችው።

«እግዜር ይስጥሽ አልካት? እግዜርማ ሰጥቷል! ይኼ ዳቦ የማን መሰለህ? እሱ ሰጠ፣ አንተ በር ዘጋህ! ጌታ ራሱ ተርቦ ቤቴ ቢመጣ፣ ከደጄ መለስከው!»

«ቃልሽን ቆጥቢ፤ በማኅበር መካከል ነን» አለ ወልደመስቀል።

«የትኛው ማኅበር? የጠገቡ ሰዎች ማኅበር?»

አባ ገብረማርያም ዳቦውን ባረኩ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአዛለች ሰጡ። ወልደመስቀል ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ጥቂቶችም ተከተሉት።

ሕፃኗ ግን መዋጥ አልቻለችም። በውኃ የራሰው ዳቦ ከአፏ ተመልሶ ወጣ። አገርነሽ በነጠላዋ አዝላት፣ እናቲቱን አስከትላ፣ በከተማው ዳር ወደተከፈተው የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ሮጠች። መንገዱን ሙሉ ጮክ ብላ እግዚአብሔርን ትሞግት ነበር፤ ያዩዋት ያበደች መስሏቸው ነበር።

«አወቅሁህ! ጀርባዬ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ግን ምነው? በዚህች ሕፃን አጥንት ካልሆነ መምጫ አጣህ? ወንድሟንስ ለምን አሳለፍከው? መልስልኝ!»

ከሕፃኗ የሚወጣው ትንሽ ትንፋሽ አንገቷን ይነካት ነበር። ያን ያህል ተቆጥታ አታውቅም፤ እግዚአብሔርም ያን ያህል ቅርብ ሆኖ ተሰምቷት አያውቅም።

ልጅቷ ተረፈች። እናትና ልጅ አዲሱ እህል እስኪደርስ አገርነሽ ቤት ኖሩ። ቀበሌው ጠርቶ «ረሃብ ገባ እያልሽ ወሬ ትነዢያለሽ» ብሎ አስጠነቀቃት። «ኑና ቤቴ ያለችውን እዩ» ብላ ወጣች። ማኅበሩም በቀሩት ሰዎች ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ ጽዋ በወጣበት ቤት በር አልተዘጋም።

በጥቅምት አዛለች ወደ ሁምቦ ስትመለስ አገርነሽ አብራት ወረደች። የትልቁ ልጅ መቃብር ከደረቀ በቆሎ ማሳ ዳር፣ ድንጋይ የተከመረበት ነው። አዛለች ተንበርክካ አለቀሰች። አገርነሽ ግን ቆማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ስለዚህ ልጅ እግዚአብሔርን ጠየቀችው። ማማተቡንም አልረሳችም።