ጓሳ የጠራበት ጠዋት

መስታወት በዘመሮ ከተማ ገበያ አፍ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተች ወዲህ በአካባቢው ያላነሳችው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለመታወቂያ ጉርድ የሚፈልገው፣ ሙሽራው፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳው፣ ሁሉም እሷ ደጅ ይመጣል። መጥቶም ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ ይገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፊ መጋረጃ ፊት ይቆማል። መጋረጃው ላይ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ባሕርና ፏፏቴ ታትሞበታል። የት አገር እንደሆነ የሸጠላት ነጋዴም አያውቅም። ለደንበኞቿ ዋናው ነገር መንዝ አለመሆኑ ነበር።

እሷ የምትመኘው ግን መንዝን ማንሳት ነው። በተለይ ገደል አፍ ላይ ያለውን ሣራማውን ጓሳን፤ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ከገደሉ በታች ያለው ቆላ በጉም ተሞልቶ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ሲወጣ። አንድ ጊዜ ከመኪና መስኮት አይታው ከልቧ አልወጣ አለ።

"ሰው የሌለበትን ፎቶ ማን ይወስድልሻል?" ይላታል ባሏ በዕውቀቱ። ክፋት የለውም፤ መልሱን ሳይሰማ ግን እንቅልፍ ይወስደዋል።

ጓሳ ሥር ኮከቤ የሚባሉ አክስት አሏት። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር እሳቸው ቤት እያደረች ሳይነጋ ወደ ላይ ትወጣ ጀመር። ሆኖም እሷ በወጣች ቀን ሁሉ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ካሜራዋን ሳይቀር ያለብሰዋል። ፀሐይቱ የምትወጣው እሷ ተስፋ ቆርጣ ቁልቁል ስትወርድ ነው። አክስቷም እርጥብ ጫማዋን እሳት ዳር እያስጠጉ "ትናንት ብትመጪ እንዴት ጠርቶ ነበር መሰለሽ" ይሏታል። ይህን ያላሉበት ቀን የለም።

ኅዳር ውስጥ ግን አንድ ቀን ዕድል ቀናት። ከቤት ስትወጣ ሰማዩ ከነከዋክብቱ ነበር። ገደሉ አፍ ደርሳ የካሜራዋን ማቆሚያ ውርጭ ያረፈበት ሣር ላይ ተከለች። ምሥራቁ ወገግ አለ። ቆላው በጉም ተሞልቶ ተኝቷል። የተራሮቹ ጫፍ ቀላ ማለት ሲጀምር ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

"እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺ" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዞር ስትል የበግ ጠጉር ባና የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። የጓሳ ጠባቂው ወልደ ጻድቅ ነበሩ። የጓሳ ሣር አገሬው ተመካክሮ እስኪፈቅድ ድረስ አይታጨድም፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት እዚያ የተገኘ ሰው ለእሳቸው ሌባ ነው።

"ማጭዱን የት ደበቅሽው?"

"አባቴ፣ ማጭድ የለኝም። ፎቶ ነው የማነሳው።"

"የምንን?"

"የተራራውን።"

ወልደ ጻድቅ ተራራውን አዩት፤ ከዚያም እሷን። "የት ይሄድብሻል ብለሽ ነው በጨለማ የመጣሽው?"

"ብርሃኑ ነው የሚሄደው፣ አባቴ። ይኸው እያመለጠኝ ነው።"

"የሚያመልጥስ ሌባ ነው" አሉና ቦርሳዋን አስከፈቷት። ባትሪ፣ መወልወያ ጨርቅ፣ አክስቷ የቋጠሩላት ቆሎ። ቆሎውን ቀመሱት። ማጭድ አለመገኘቱ ጥርጣሬያቸውን ጭራሽ አባባሰው። ተራሮቹ ከቀይ ወደ ወርቅ ሲለወጡ መስታወት ኪሷን እየገለበጠች ታሳይ ነበር።

በመጨረሻ ጨነቃትና "እንግዲያው እርስዎን ላንሳዎትና ይዩት" አለቻቸው።

ሽማግሌው ወዲያው ሌላ ሰው ሆኑ። ባናቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን መሬት አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱት። ከዚያም እሷ ያን ሁሉ ጊዜ ስትመኘው የኖረችው ተራራ ፊት ሄደው፣ ተራራውን ከልለው እንደ ችካል ቀጥ አሉ።

"ትንሽ ወደ ጎን ቢሉልኝ..."

"እዚሁ ይሻላል። ሁለቱም ጆሮዬ ይታይ፤ ለመታወቂያ ሲያነሱኝ እንደዚያ ነው ያሉኝ።"

ብርሃኑ ከጎን ፊታቸው ላይ አረፈ። አነሳቻቸው። ወልደ ጻድቅ ፎቶውን አይተው፣ ረክተው፣ ከፊቷ ዞር ሲሉ ጉሙ ገደሉን ወጥቶ ጨርሷል።

መስታወት ወደ ዘመሮ ተመልሳ ከዚያ ጠዋት የተረፈቻትን ያችኑ አንድ ፎቶ በትልቁ አሳተመችና የሱቋ በር ላይ ሰቀለቻት። የዘነጋችው ነገር ቢኖር፣ በዚያ አገር ፎቶው በትልቁ የሚታተመው የሞተ ሰው መሆኑን ነው። በገበያ ቀን ቅቤ ነጋዴዋ ጠጄ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ነቀነቁ።

"መቼ ነው?" አሉ።

መስታወት የደንበኛ ጉርድ እየቆረጠች ነበርና ቀና አላለችም። "ኅዳር ውስጥ፣ ሲነጋጋ።"

"ታመው ነበር?"

"ኧረ እንደ ቆሙ ነው።"

"የታደሉ" አሉ ጠጄ፣ ዓይናቸውን ጠርገው ሄዱ።

ወሬው ጓሳ ሥር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ኮከቤ አለቀሱ፤ ሌሎች ማጭዳቸውን ሳሉ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሣሩን ማጨድ እንደጀመሩ ሟቹ ባናቸውን ደርበው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ከፊሉ ማጭዱን ጥሎ ሮጠ። አንዱ ግን እዚያው ተንበርክኮ የዚያን ቀኑን ብቻ ሳይሆን የአምናውንም ሣር ተናዘዘ።

ወልደ ጻድቅ በሳምንቱ ዘመሮ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"አንቺ ነሽ የገደልሽኝ?"

"አባቴ፣ በእግዜር ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ አወርደዋለሁ።"

"ተይው። ከሞትኩ ወዲህ ሥራዬ ቀሎኛል።" ወደ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን እያዩ ቀጠሉ። "ለቤቴ ግን አንድ ሥሪልኝ። ከኋላዬ ያለውን ገደል አውጪና ያንን ፏፏቴ አግቢበት። ገደሉንስ በየቀኑ አየው የለ።"

መስታወት የደከመችበትን ገደል በገዛ እጇ እየቆረጠች ሠራችላቸው፤ ጆሮዎቻቸውም እንዳይነኩ እየተጠነቀቀች።

ከዚያ ወዲህ ወልደ ጻድቅ አመሻሽ ላይ ይደውሉላታል። "ነገ የሚጠራ ይመስለኛል፣ ነይ" ይላሉ፤ ግምታቸው ግማሹን ጊዜ አይሰምርም። በሰመረ ቀን ደግሞ እሷ ወጥታ ስትደርስ፣ እሳቸው ባናቸውን አስተካክለው ጥሩው ቦታ ላይ ቆመው ታገኛቸዋለች። አሁን አሁን ዞር ይበሉልኝ ማለቱን ትታዋለች፤ አገጫቸውን ትንሽ ቀና እንዲያደርጉ ብቻ ትነግራቸዋለች።