የሃከር መጽሐፍ ያነበብንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርግ አንድ የሻገተ ፎቶኮፒ መጽሐፍ ወደቀ። ሽታው፣ እርጥብ ካልሲና የሞተ አይጥ ተጋብተው የወለዱት ነው። መቱ ከተማ ክረምት ሲገባ የማይሻግት ነገር የለም፤ የእኔ ጥርስ እንኳ ሁለት ጊዜ ሻግቷል። የዚህኛው ግን የክረምቱ ጥፋት አይደለም፤ ሲጻፍም እንዲሁ ይሸት ነበር።

ሽፋኑ ላይ ፊት የሌለው ባለኮፍያ ሰውዬ አለ። ለጀማሪ ሃከሮች ነው ይላል። እኔና ጓደኛዬ ትምህርት ጨርሰን ሥራ ፈትተን ሳለን፣ ባለፎቶኮፒ ቤቱ በኦሮምኛው «ኮታ»፣ «ኑ እስቲ፣ አዲስ መጥቷል» ብሎ ጠርቶ የሸጠልን ነው። ግማሹ ማስፈራሪያ ነበር፤ በየሽቦው ውስጥ ሌባ ቁጭ ብሏል ይላል። ጓደኛዬ ደነገጠ። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሰይጣን እንኳ በማይገምተው ቀየረው። በሳምንቱ ራሱም ረሳው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። ግን ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ የጠፋው እህቱ የላከችው አንድ ፎቶ እዚያ ኢሜይል ውስጥ ነበረ። እናቱ ገና አላዩትም። «ጅማ ስሄድ በቀለም አሳትሜ አመጣልሻለሁ» እያለ ቀጠሮ ሲሰጣቸው ነው የከረመው።

እንግዲህ የገዛ በሩን ሰብሮ ለመግባት ሃከር መሆን ነበረበት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ክረምቱን ሙሉ ከዚያው ፎቶኮፒ ቤት እያመጣን መጽሐፍ ስንመረምር ከረምን። እንግሊዝኛህ ይሻላል ተብዬ ዳኛው እኔ ሆንኩ። አንዱ የኮምፒውተርን ታሪክ ከአዳም ጀምሮ ያወራና ሥራው ሊጀመር ሲል ያልቃል። ሌላው ይህን ፕሮግራም ጫን፣ ያንን ጫን እያለ ያዛል፤ ለምን እንደሚጫን አንድ ቃል የለውም። ስለ ኔትወርክ ደኅንነት ነኝ የሚለው ወፍራሙ ደግሞ፣ ኔትወርክ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነግረን ሥዕል ይደረድራል። ጸሐፊው ራሱ የገባው አይመስለኝም።

«ይሄስ?» ይለኛል ጓደኛዬ።

«ለሱቅ ይሰጥ፤ ስኳር ይጠቀለልበት።»

«ይሄኛውስ?»

«ስኳሩም ይጸየፈዋል።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አገኘን። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ የራስህ አካውንት ከተዘጋብህ ልስበር አትበል፣ ሳትዘገይ ለድርጅቱ አመልክት ትላለች። አመለከትን። ለወራት ስላልተከፈተ ተሰርዟል፣ በውስጡ የነበረውም ጠፍቷል የሚል መልስ መጣ።

ዛሬም የእህቴ ልጅ በስልኩ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲያሳየኝ ምራቄን እተፋለሁ። የጸሐፊዎቹን አለማወቅስ እችለው ነበር። ያቺን ክረምት መብላታቸው ነው የሚያንገሸግሸኝ።

ያ መልስ በመጣ ዕለት የጓደኛዬ እናት ዘንድ ሄድን። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ፎቶው እንደጠፋ ነገራቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ አይተኸው ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ እትዬ፣ አብረን ነው ያየነው።»

«ከስታለች?»

ፎቶው ላይ የአንገቷ አጥንት አግጥጦ ነበር።

«ወፍራለች፣ እማዬ» አለ ጓደኛዬ ቀድሞኝ።

እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። እንደ ልማዴ አጋንኜ «በር አይበቃትም» ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ትንሽ ጉንጭ አውጥታለች፣ እትዬ» አልኳቸው።